ነገ እንነሣለን የሚባለው ጉብታ

ሰፈር ማለት መንገደኛ ጓዙን አውርዶ፣ እሳት አንድዶ፣ አጥንቱን አሳርፎ የሚያድርበት፣ ሲነጋም አመዱን ትቶበት የሚሄደው ቦታ ነው። የሰፈር ዋና ጠባዩ መለቀቁ ነው። ያልተለቀቀ ሰፈር ወይ ከተማ ሆኗል፣ ወይ መቃብር ሆኗል፤ በሁለቱም ጊዜ ስሙን መለወጥ ይገባዋል። ይህን አስቀድሜ የማስረዳው ከዚህ በታች የሚተረከው ስለ አንድ ሰፈር ስለሆነ ነው፤ ሰዎቹ የድንጋይ ቤት ሠርተውበት፣ ቦይ ቀድደውበት፣ ሙታናቸውን ቀብረውበት፣ እስከ ዛሬ ድረስ ግን «አገራችን ነው» ብለው አያውቁም። ሲጠየቁ «እዚህ ያደርነው ለጊዜው ነው» ይላሉ።

ቦታው ሁለቱ አሜሪካዎች እንደ ወገብ ከሚጠብቡበት ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ተራሮቹ የምዕራቡን ባሕር ከሩቅ በሚያዩበት አገር ነው ይባላል። ወደ ሰሜን የተከፈተ አንድ ሸለቆ አለ፤ ከሸለቆው አፍ ላይ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ትልቅ ጉብታ ቆሟል። ከሩቅ ያየው ሰው ተፈጥሮ ያበቀለችው ይመስለዋል፤ ጎኑን የቆፈረ ግን የአፈሩ ቀለም በየቅርጫቱ ልክ የተለያየ መሆኑን ያያል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ግራጫ። የጉብታው ስም በአገሬው ቋንቋ «ነገ እንነሣለን» ማለት ነው።

ከጉብታው ግርጌ ባለችው መንደር በየቤቱ በር፣ ከመቃኑ በስተቀኝ፣ በጠፍር የታሰረች አንዲት ትንሽ ጓዝ ተንጠልጥላለች። ውስጧ በሁሉም ቤት አንድ ነው፦ አንድ የበቆሎ ዛላ፣ ጥቅል ገመድ፣ ክር ያልገባባት አንዲት የአጥንት መርፌ። ጓዟ አትፈታም። ልብስ ተቀዶ መርፌ ቢቸግርም ከጎረቤት ይዋሱ ይሆናል እንጂ እሷን አይነኳትም። በዓመት አንድ ቀን፣ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ መንደርተኛው ሁሉ ጓዙን ከበሩ አውርዶ ትከሻው ላይ ያነግትና ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ በረድፍ ይቆማል። ከፊት የቆመችው ሴት ዘወር ሳትል «ማን ቀረ?» ብላ ትጠይቃለች። ረድፉ በሙሉ በአንድ ድምፅ «ጅራቷ አልገባችም» ይላል። ከዚያ ጓዙ ወደየበሩ ይመለሳል፤ ምሳ ይቀርባል። ሥርዓቱ ይኸው ነው። አንዳንድ ከሩቅ የመጣ እንግዳ «ይኸው ብቻ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «ምሳውን አልበላህም እንዴ?» ይሉታል። ምክንያቱን የጠየቀ ሰው ግን ሽማግሌዎቹ አጠገባቸው ያስቀምጡትና ከመጀመሪያው ጀምረው ይነግሩታል።

እንደሚነገረው በመጀመሪያ ያ ምድር ሁሉ፣ ከሰሜኑ በረዶ እስከ ደቡቡ በረዶ፣ ሰው አልነበረበትም። አውሬውም ወፉም ሰውን ስለማያውቅ አይሸሽም ነበር ይባላል፤ ይህ ስሕተት ኋላ ብዙ ጎድቶታል። ሰዎች የነበሩት ከባሕር ማዶ፣ ፀሐይ እንደ እንግዳ ብቅ ብላ ወዲያው በምትሄድበት ብርድ አገር ነበር። የሁለቱ ምድር ባሕር ግን በዚያ ዘመን ገና አልሞላም ነበርና፣ በመካከላቸው ሰፊ የሣር ሜዳ ተዘርግቶ ነበር። ፀጉራሙ ዝሆንና አጋዘኑ በሜዳው ላይ ወደ ፀሐይ መውጫ ሲሄዱ ሰዎቹም ተከተሏቸው። አዲስ ዓለም እንፈልግ ብሎ የተነሣ አልነበረም። የተነሡት ሥጋው ስለተነሣ ነው።

እነዚህ ሰዎች የሚጓዙበት ሥርዓት ነበራቸው። ከሁሉ ፊት የምትሄደው ሴት «ራስ» ትባላለች፤ ፍም እሳት በቀንድ ውስጥ ትይዛለች፤ መንገድ ትመርጣለች። ከሁሉ ኋላ የምትሄደው «ጅራት» ትባላለች፤ ጫፉ ላይ የቀበሮ ጅራት የታሰረበት ረጅም በትር ትይዛለች፤ የወደቀውን ታነሣለች፣ የደከመውን ትደግፋለች። የወደቀው የሕፃን ጫማም ይሁን የሰው አያት ለእሷ ያው ነው። ራስ የምታየው ገና ያልመጣውን ነው፤ ጅራት የምታየው የሚቀረውን ነው፤ ስለዚህ የጅራት ሥራ ይከብዳል ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ሕጋቸው ሁለት ብቻ ነበር። አንደኛው «ጅራት ሳይገባ ጓዝ አይነሣም» የሚል ነው፤ የመጨረሻዋ ሴት ሰፈሩ ሳትደርስ ማንም ወደፊት አይሄድም። ሁለተኛው «ከጅራት ኋላ ሰው አይቀርም» የሚል ነው። ሁለቱም መልካም ሕጎች ናቸው። እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ሕግ የሚያወጣ ሰው ይህን አያስብም።

በዚያን ጊዜ የሰልፉ ራስ ኦያላ የምትባል ሴት ነበረች፤ ጅራቷ ደግሞ ታናሽ እኅቷ ቲምኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከሜዳው መካከል ሳሉ፣ ቲምኩ ከኋላ ሮጣ መጣች። ጅራት ሮጣ ወደፊት መምጣቷ የተለመደ አይደለምና ሁሉም ቆመ።

«ከኋላ ጭስ አለ» አለች።

«ጉም ነው» አለች ኦያላ።

«ጉም እየተጠማዘዘ አይወጣም፣ እትዬ። ሰው ነው።»

በሰልፉ ውስጥ ሐሩክ የሚባል ሰው ነበር፤ ጉልበቱ ብርቱ፣ ምላሱም ከጉልበቱ የማያንስ። «የኛ ሰው አይደለም» አለ፤ «እኛ ሙሉ ነን። ያንን ጭስ ያጨሰው ሰው የራሱን ጅራት ይፈልግ።»

«ጭሱ የማን እንደሆነ አይናገርም፣ ሐሩክ። ከኋላዬ ሰው ካለ እኔ ጅራት አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ሄጄ ከኋላቸው ስቆም ጅራት እሆናለሁ።»

ኦያላ እንግዲያው እዚሁ ሰፍረን እንጠብቅሻለን አለች። ቲምኩ ዙሪያውን አየች፤ ነፋስና ሣር ብቻ ነበር። «እዚህ የሚጠብቅ ሰው እስከ ነገ ይደርቃል» አለች። «ሂዱ። በየሰፈራችሁ ሦስት ድንጋይ ትታችሁልኝ ሂዱ። ሰው ሊጠብቅበት የሚችል ቦታ ስታገኙ እዚያ ጠብቁኝ።»

«ምን ዓይነት ቦታ ነው እሱ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ? ራስ አንቺ ነሽ።» ጥቂት ከሄደች በኋላ ዞር አለች። «መርፌዬንስ?»

ኦያላ ጠዋት ጫማዋን ልትሰፋ የእኅቷን የአጥንት መርፌ ተውሳ ነበር። «አንዱን እግር አልጨረስኩም። ስትገቢ እሰጥሻለሁ።»

«ያለፈውንም እንዲሁ ብለሽ ነው ያጠፋሽው» አለች ቲምኩ፤ በትሯን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ጭሱ ሄደች።

ሁለት እኅትማማቾች ዳግመኛ ላይተያዩ ሲለያዩ የተባባሉት ይህን ነው። ባያውቁ ነው እንጂ ሌላ ነገር ይባባሉ ነበር ብለው የሚያዝኑ አሉ። እኅት ያለው ሰው ግን ይጠራጠራል።

ከዚያ በኋላ ባሕሩን በቀኛቸው እያደረጉ ወደ ደቡብ ወረዱ። የዘመን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት ይህ ጉዞ ብዙ መቶ፣ ምናልባትም ብዙ ሺህ ዓመት ወስዷል ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ከሊቃውንቱ ጋር አይከራከሩም፤ ኦያላ ፈጣን እግር ነበራት ይላሉ። በለቀቁት ሰፈር ሁሉ ሁለት ድንጋይ ጎን ለጎን፣ ሦስተኛውን በላያቸው ወደ ደቡብ አዘንብለው ይተዉ ነበር። በደረሱበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ኦያላ ቆማ «እዚህ ሰው ሊጠብቅ ይችላል?» ብላ ትመረምር ነበር። ዓሣ በወንዝ ሞልቶ የሚዘልበት አገር ደረሱ፤ ድቡም ያንኑ ዓሣ ስለሚወድ አለፉት። ትንኝ እንደ ዝናብ የሚወርድበት ረግረግ ደረሱ፤ እዚህ ሰው ያክካል እንጂ አይጠብቅም ብላ አለፈችው። ከዚያ አንድ ቀን ፍሬው ሳይነካ የሚወድቅበት፣ ውኃው የሚሞቅበት፣ ለጥላ እንኳ መንቀሳቀስ የማያስፈልግበት የባሕር ዳርቻ ደረሱ። ሐሩክ ጓዙን ፈታና ተጋደመ። ኦያላ ሦስት ቀን አየችው፤ በሦስተኛው ቀን ሕፃናቱ ከየት እንደመጡ ተጠይቀው ሲያቅማሙ ሰማች።

«ተነሡ» አለች።

«አሁን ደግሞ ምን ጎደለው?» አለ ሐሩክ ሳይነሣ።

«እዚህ ሰው ይረሳል።»

ሐሩክ ይህን እስኪሞት ድረስ ይቅር አላላትም ይባላል።

በመጨረሻ ሸለቆው ጋ ደረሱ። ምንጩ አይነጥፍም፤ ቀን እንዳይሞቱ ያህል ይሞቃል፣ ማታ እንዳይረሱ ያህል ይበርዳል፤ አፉም የመጡበትን መንገድ ያሳያል። ኦያላ የእሳቱን ቀንድ ከምድር ተከለችና «እዚህ እንጠብቃታለን» አለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የመጀመሪያው ሕግ ተመለሰ፤ ጅራት ሳይገባ ጓዝ አይነሣም።

«እስከ መቼ ነው?» አለ ሐሩክ።

«እስክትገባ።»

«ነገ ትገባለች?»

«ነገ ልትገባ ትችላለች።»

«እንግዲያው ነገ እንነሣለን» አለና ጓዙን ሳይፈታ ከነጓዙ ተኛ። በማግሥቱም እንዲሁ አለ። በማግሥቱም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጓዙን ታቅፎ ተኝቷል ይባላል፤ በአራተኛው ዓመት ማንገቻው በስብሶ ተበጠሰ።

ያን ጊዜ ችግሩ ገና መጀመሩ ነበር። አደኑ ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ አለፈ፤ መጠበቅ የአጋዘን ሕግ አይደለም። በሁለተኛው ዓመት ረሃብ ገባ፤ አራት ሽማግሌዎችና አንድ ጨቅላ ሞቱ። ሐሩክ ሰዉን ሰብስቦ መጣ።

«ኦያላ፣ አንቺ እኅትሽን ትጠብቂያለሽ፤ እኛን ግን ረሃብ አይጠብቀንም። ተኩላ በልቷት ቢሆንስ?»

«ተኩላው ያሳዝነኛል» አለች ኦያላ፤ ሰውም ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ እሷ መሳቋን ተወች። «መሄድ የፈለገ ይሂድ። አልይዝም። ግን ጅራቱን ጥሎ የሚሄድ ሰው እሱም ጅራት አይኖረውም። እናትህ መንገድ ላይ ስትወድቅ፣ ሐሩክ፣ ዞር ብለህ የምታየው ማንን ነው?»

የሐሩክ እናት እዚያው ቆማ ነበር፤ ልጇን አየችው። ማንም አልሄደም።

ከምንጩ ዳር ፍሬው እንደ ጠጠር የደረቀ፣ ዛላው ከሕፃን ጣት የማይበልጥ አንድ ሣር ይበቅል ነበር። እሱን ወቅጠው መብላት ጀመሩ። ቲምኩ ስትገባ ርቧት ይሆናልና፣ ከለቀሙት ሁሉ ትልቁንና የወፈረውን ዛላ ለእሷ አስቀመጡላት። ዘር የሚዘራበት ወቅት ደረሰ፤ አልገባችም፤ የእሷ ድርሻ እንዳይነቅዝ መሬት ውስጥ አገቡት። በቀለ። ከበቀለውም ትልቁን ዛላ አሁንም ለእሷ አስቀመጡ፤ አሁንም አልገባችም፤ አሁንም ዘሩት። ራሳቸው የበሉት ሁልጊዜ ትንሹን ነው። ያ የጣት ያህል ሣር እንዴት የክንድ ያህል በቆሎ ሊሆን እንደቻለ ሊቃውንቱ ብዙ ጽፈዋል። በሸለቆው እንደሚነገረው ግን በቆሎ ማለት ያልመጣች ሴት ድርሻ ነው።

ሌላውም ነገር በዚሁ መንገድ መጣ። ኦያላ በየንጋቱ በገመድ ላይ አንድ ቋጠሮ ትቋጥር ነበር፤ ገመዱ በዝቶ ቤት አስፈለገው፤ ቤቱ ጠባቂ አስፈለገው፤ ጠባቂው ሥራ ፈትቶ ቋጠሮዎቹን ሲያይ ዝናቡ በስንተኛው ቋጠሮ እንደሚመለስ ደረሰበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባቂው ሲያልፍ ሰዎች ይነሡለት ጀመር። የቆዳው ድንኳን ሲበሰብስ ለጊዜው ተብሎ የጭቃ ቤት ተሠራ፤ ጭቃው ሲፈርስ ለጊዜው ተብሎ የድንጋይ ቤት ተሠራ። ለጊዜው የተሠራ ነገር ዕድሜው ረጅም መሆኑን እኛም ከየመሥሪያ ቤታችን እናውቃለን። ጉብታውም ሲጀመር ኦያላ ሰሜኑን ለማየት የምትቆምበት አንድ ድንጋይ ብቻ ነበር። ከፍ ካለ ሩቅ ያሳያልና፣ ለማየት የሚወጣ ሰው ሁሉ ባዶ እጁን እንዳይወጣ፣ አንድ ቅርጫት አፈር ይዞ እንዲወጣ ተስማሙ። ከሁሉ በላይ አፈር የተሸከመው ሐሩክ ነው ይባላል። «ቶሎ ካየናት ቶሎ እንነሣለን» ይል ነበር።

በሰባተኛው ዓመት ከጉብታው ላይ የሰው ረድፍ ታየ። ኦያላ መርፌውን ጨብጣ ባዶ እግሯን ቁልቁል ሮጠች።

«ጅራቷ ከእናንተ ጋር ናት?»

እንግዶቹ ተያዩ። ቋንቋቸው የሚገባው በግማሽ ነበር። «የቀበሮ ጅራት ያለው በትር የያዘችው?»

«እሷ! እሷ!»

«እሷ ከኋላችን ናት። ‹ሂዱ፣ ሦስቱን ድንጋይ ተከተሉ፣ ከፊት የሚጠብቋችሁ አሉ› ብላ አሳለፈችን። ‹አንቺስ?› ብንላት ወደ ኋላ አየችና ‹ጭስ አለ› አለች።»

«ሌላ ምንም አላለችም?»

«ለታላቅ እኅቴ ንገሯት፣ መርፌዬን እንዳታጠፋው፣ ብላለች።»

ኦያላ መንገዱ ላይ ተቀመጠች፤ መጀመሪያ ሳቀች ይባላል።

እንግዶቹ ቲምኩ ከፊት ካሉት ጋር ጠብቁኝ ብላቸው ነበርና ጓዛቸውን አወረዱ። ከዓመታት በኋላ ሌሎች መጡ፤ ከእነሱም በኋላ ሌሎች። አንዱ በመንገድ ያገኘውን ዱባ ይዞ መጣ፣ አንዱ ባቄላ፣ አንዱ የሚያቃጥል ቀይ ፍሬ። ሁሉም ስትጠይቃቸው «እሷ ከኋላችን ናት» ይላሉ፤ ሁሉም የመርፌውን መልእክት ያደርሳሉ፤ ሁሉም ጓዛቸውን ያወርዳሉ። ሸለቆው ሞላ። ገበያ ቆመ፣ ቦይ ተቀደደ፣ በቦዩ ተጣሉ፣ ዳኛ ተሾመ። ሰው የሚበዛበት ምክንያት አንዲት ሴት አለመምጣቷ ነበር።

ነገሩ ቀድሞ የገባው ሐሩክን ነው። አንድ ቀን ጉብታው ላይ ቅርጫቱን ገልብጦ ከኦያላ አጠገብ ተቀመጠ። ጠጉሩ ያን ጊዜ ነጭ ነበር።

«ያቺ እኅትሽ» አለ፣ «ከኋላዋ ሰው እስካለ ድረስ አትመጣም።»

«አውቃለሁ።»

«ከኋላ ደግሞ ሁልጊዜ ሰው አለ።»

«አውቃለሁ፣ ሐሩክ።»

«እንግዲህ እሷ የምትገባው የሰው ዘር ሲያልቅ ነው ማለት ነው።»

«ባቄላህን ውኃ አጠጣህ?» አለች ኦያላ። አጠጥቶ ነበር። አንደኛውን ማሳ ለነገ መንገድ ስንቅ ብሎ የዘራው ከሃያ ዓመት በፊት ነበር፤ አሁን አምስት ማሳ ነበረው።

የመጨረሻዋ እንግዳ ኬሱን የምትባል አሮጊት ናት፤ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ብቻ ደረሰች። ኦያላ ያን ጊዜ መሮጥ አትችልም፤ በትር ተደግፋ በቀስታ ወረደች። የምትጠይቀውን ሁሉም ያውቀዋልና ኬሱን ሳትጠየቅ ተናገረች።

«ከኋላችን ናት፣ እሜቴ። ግን ከኋላችን ባሕር ሆኗል።»

ኬሱን ጓዟን አወረደች።

«ሜዳው በየዓመቱ ሲጠብ ነበር። እኛ ስንሻገር ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ደርሰን ዞር ስንል ጉልበት ደርሶ ነበር። እሷ ከማዶ ቆማለች። ‹ነይ! መጨረሻዎቹ እኛ ነን!› ብለን ጮኽን። ወደ ኋላዋ አየችና በእጇ አሳየችን። ጭስ አለ ማለቷ ነው።»

«ነበር?» አለች ኦያላ። «ጭስ ነበር?»

ኬሱን ልጆቿን አየች፤ ልጆቿ መሬቱን አዩ። «እኔ አላየሁም፣ እሜቴ። ዓይኔ ግን ደካማ ነው።»

«ከዚያስ?»

«በትሯን አወዛወዘችልን። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ከምድር አነሣች። የጣልነው ነገር ይሆናል። በማግሥቱ ባሕር ብቻ ነበር።»

ኦያላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስለ መርፌው አላለችም?» አለች።

«ብላለች። ከመሻገራችን በፊት ነው ያለችኝ። ‹አሁንስ ለእሷ ይሁንላት› ብላለች።»

ኦያላ መርፌውን ከአንገቷ ካሰረችው ክር ፈታች። አየችው። ከዚያ ጓዟን ፈትታ ከተተችው፤ መልሳም አሰረች። «ይህን እሷ ስትገባ እንነጋገርበታለን» አለች።

ሕጉ ግን ሕግ ነውና በማግሥቱ ጠዋት ሰው ሁሉ ጓዙን አንግቶ ከጉብታው ሥር ተሰበሰበ። ጅራት እንደማትገባ ከታወቀ ራስ «ሁሉ ገብቷል» ብላ ማወጅ ይገባታል፤ ያን ጊዜም ሰፈሩ ይነሣል። ይህ ማለት በቆሎው፣ ቦዩ፣ የድንጋዩ ቤትና ጉብታው በዚያው ቀን ይተዋሉ ማለት ነው፤ ቲምኩም በዚያው ቀን ሞተች ማለት ነው። ለማለት የሚከብደው የትኛው እንደሆነ ማንም አልተናገረም። ኦያላ ከፊት ቆመች፤ ፊቷን ወደ ደቡብ አደረገች፤ ፊቷን ያየ ሰው ስለዚህ የለም።

«ማን ቀረ?» አለች።

ሁሉም ዘወር ብሎ ሐሩክን አየ። «ማንም» ማለት የሚገባው ሰው ቢኖር እሱ ነበር፤ በየማታው ነገ እንነሣለን እያለ አርጅቷል፤ የዚያን ፍሬው ሳይነካ የሚወድቅበትን ዳርቻ ነገር እስከዚያን ቀን አልረሳም። ሐሩክ የኦያላን ጀርባ አየ። አርጅታ ጎብጣለች፤ ጓዟ ከእሷ ይበልጥ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጅራቷ አልገባችም» አለ።

ኦያላ አልዞረችም።

«ደግሞም ባቄላዬ አልደረሰም» አለ ሐሩክ፣ የሰው ዓይን ሲከብደው።

ከዚያ ረድፉ ሁሉ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች እስከ ኬሱን ልጆች ድረስ፣ በየቋንቋው «ጅራቷ አልገባችም» አለ። ጓዙ ወረደ። ተሰብስበው ስለነበርና ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ያወቀ ስላልነበረ፣ ያለውን አቅርበው በሉ።

ኦያላ በዚያው ዓመት ሞተች የሚሉ አሉ፤ ሌላ ሠላሳ ዓመት ኖራለች የሚሉም አሉ። የተቀበረችው ከጉብታው አናት ላይ፣ ፊቷ ወደ ሰሜን፣ ጓዟ ከጎኗ ሆኖ ነው። ቲምኩን ቀድሞ የሚያገኛት ማን እንደሆነ ስለማይታወቅም እያንዳንዱ ቤት ከአጥንት መርፌ ቀርጾ በጓዙ ውስጥ አኖረ። ሐሩክ ሲሞት ልጆቹ የመጨረሻ ቃሉን ሊሰሙ አጎነበሱ፤ ያለውን አስቀድመው ያውቁት ነበር። የጉብታው ስም ከዚያ ወዲህ ያው ቃል ሆነ።

ከዚያ በኋላ በሸለቆው የነገሡ ነገሥታት ነበሩ፤ ጉብታውን በድንጋይ ያለበሱ፣ ስማቸውን የቀረጹበት። ድንጋዩ ወድቋል፤ ስማቸውንም የሚያነብ የለም። ብዙ ቆይቶ በመርከብ የመጡ ጢማም ሰዎች ደረሱ፤ ነገር ግን የመጡት ከምሥራቅ ስለነበረ የመንደሩ ሰዎች ስለ ጅራቷ አልጠየቋቸውም። ጢማሞቹ ግን ብዙ ጠየቁ፤ ብዙም ወሰዱ። ከወሰዱት ውስጥ ያ በቆሎና ያ የሚያቃጥል ቀይ ፍሬ ባሕር እየተሻገረ ብዙ አገር ዞሮ እኛም ዘንድ ደርሷል፤ በበርበሬ ዓይናችን ሲያነባ ምክንያቱን ሳንጠይቅ እንበላለን።

መንደሯ ዛሬም እዚያው አለች። ቤቶቹ ቆርቆሮ ለብሰዋል፣ ለጊዜው። ጓዞቹ በየበሩ አሉ። አዝመራ ሲገባ ትልቁ ዛላ አሁንም ተለይቶ ይቀመጣል፤ ለማን እንደሆነ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ጉብታው ላይ የሚወጡ አንዳንድ አሮጊቶች አሉ፤ ዓይናቸው ብዙ አያይም፤ ሰሜኑ አፋፍ ላይ አንዳንድ ቀን ነጭ ነገር እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ጉም ነው ይሏቸዋል፤ እሺ ይላሉ፤ አይወርዱም።

ባለፈው አዝመራም ሰዎቹ ጓዛቸውን አንግተው ወደ ደቡብ ዞረው ቆሙ። ከፊት የቆመችው ሴት ጠየቀች። ጅራቷ አልገባችም ነበር። ምሳ ተበላ።